መኪናዋ መቼ አለቀች?

በዚህች መጽሔታችን ገጾች ላይ ስለ ነጻ ፈቃድ፣ ስለ ውበት፣ ስለ እውነትና ስለ መሰል ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ልንጽፍ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ከፍልስፍናና ከሥነ ጽሑፍ ክፍል የመጣን አምስት ተማሪዎች እጃችንን ግራሶ ለውሰን ስንታይ ጋራዡም ስቆብናል። ነገር ግን መኪናዋ አንድ ጥያቄ ጥላብን ሄዳለች። በካፌም፣ በመኝታ ክፍልም፣ በአውቶቡስም ተከራክረንበት አልተስማማንም። እንግዲያውስ አንባቢ ይፍረደን ብለን በጋራ ለመጻፍ ተነሣን። «እኛ» እያልን የምንጽፈው አንድ አሳብ ስላለን አይደለም፤ ነገሩን አምስታችንም ስላደረግነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መርካቶ የሚነግዱ የጉመር ሰው ነበሩ። ሲያርፉ በግቢያቸው ጥግ አንዲት ላንድ ሮቨር ፒክአፕ ትተው ሄዱ፤ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራ የነበረው ሦስተኛው ሞዴል፣ ረጅሙ፣ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 109 ኢንች (2 ሜትር ከ77 ሳንቲም ገደማ) የሆነው። ዶሮ ያድርባት ነበር። በኅዳር 2016 ዓ.ም. እናትየው ሰለቻቸውና ለምናለሽ ተራ ሰዎች በኪሎ ሊሸጧት ተስማሙ። ገዢው ሚዛን ይዞ መጣ። መኪናን በኪሎ መሸጥ ለጆሮ ይከብዳል እንጂ ሰውየው አልተሳሳተም፤ የላንድ ሮቨር አካል አሉሚኒየም ነውና ቀልጦ ድስት ይሆናል። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። መኪናው በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ እንግሊዝ ከጦርነት የወጣች፣ ብረት በራሽን የሚታደልባት አገር ነበረች፤ አሉሚኒየም ግን እንደ ብረቱ አልጠፋም ነበር። በችግር የተመረጠው አካል እነሆ እስከ ዛሬ አይዝግም። የሚዝገው ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ነው፤ ጭቃ ውስጡ ገብቶ ሳይደርቅ ይከርማልና ከውስጥ ወደ ውጪ ይበላዋል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩዋት ደኅና የምትመስል፣ ከሥር ግን በካቻቢቴ የምትበሳ መኪና ነበረች።

«ሚዛንህን ይዘህ ተመለስ» ያልነው እኛ ነን። በዚያች ቀን የተናገርነውን ቃል እዚህ ላይ እንደ ወረደ ማስፈር አለብን፤ ክርክሩ ሁሉ የተነሣው ከእርሱ ነውና። የጓደኛችን አጎትና አክስት ጉመር ውስጥ፣ ክረምት ከበጋ መኪና ከሚያልፍበት መንገድ በእግር አራት ሰዓት ያህል ርቃ በምትገኝ መንደር ይኖራሉ። አገሩ ደጋ ነው፤ እንሰት፣ ገብስና ድንች ይበቅልበታል። በበጋ አንዳንድ ደፋር ኢሱዙ ይገባበታል። ክረምት ከሆነ ግን ጭቃና ቁልቁለት ነው፤ የታመመ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ ነው። እኛም «ይቺን መኪና ለዚያ መንገድ እንሠራታለን፤ አጎትየው ይንዷት፤ ድንቹን ታውርድ፣ በሽተኛውን ታውጣ፤ ለ2017 ክረምት እናደርሳታለን» አልን። እናትየው መረቁን። አጎትየው በስልክ ሲሰሙ ዝም አሉና «ልጆቼ፣ የምራችሁን ነው?» አሉ። የምራችንን ነበር።

በአብነት በኩል አንዲት ጠባብ ጋራዥ ያለቻቸው አዛውንት መካኒክ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ቦታና መሣሪያ ሊሰጡን ፈቀዱ። እኛ በምትኩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃትን ልጃቸውን እንግሊዝኛ እናስጠናለን። ጋሼ እንላቸዋለን። ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ከመኪና ሥር ተኝተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ወሬ አያበዙም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ እጅ አንድ ነገር እንበል። አገራችን በእጁ የሚሠራን ሰው ስትንቅ ኖራለች። ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለች ሰደበች፤ ማረሻዋንና ጠፍሯን ግን ከእነርሱ ገዛች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው በሽታው ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል፤ የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልም። በጉራጌም የቤቱን ምሰሶ ጠርበው የሚያቆሙት ሰዎች ፉጋ እየተባሉ ከመሬትም ከጋብቻም ተገልለው ኖረዋል። አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከጋፋት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ መጥረጋቸው እስከ ዛሬ ይተረካል። የሚተረከውም ብርቅ ስለሆነ ነው። እኛም ቤታችን ስንገባ «ለዚህ ነው ወይ ያስተማርንህ?» የሚል ጥያቄ የገጠመን አለን።

ለዚህ ንቀት መልስ እየሰጠን መስሎን ነበር። ሆኖም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ግራሶውን ሳንታጠብ ሆን ብለን ላይብረሪ የገባንበት ቀን ነበር። ሰው እንዲያየን። ይህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኩራት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ኩራት አልመሰለንም።

የመጀመሪያው ዓመት በሻንሲው አለቀ። ጋሼ መዶሻ ሰጡንና ዳር ዳሩን እየመታን እንድንሄድ አዘዙ፤ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ደፍ ይላል። ከመካከል ወደ ኋላ ያለው አብዛኛው ደፍ አለ። ቆርጠን በአዲስ ላሜራ አስበየድነው። ባሌስትራዎቹን ቅጠል በቅጠል ፈታን። የፍሬኑን ሸራ፣ ጎሚኒ፣ ቱቦ ሁሉ ለወጥን። 2,286 ሲሲ የሆነው የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ እኩል ዘይት ይጠጣ ነበርና፣ ሱማሌ ተራ ከተገለበጠ ቶዮታ የወረደ ዲዝል ሞተር ተገኘ። የአንዱን ኩባንያ ሞተር ከሌላው ካምቢዮ ጋር ማጋባት ደግሞ እንደ ሽምግልና ነው። በመካከላቸው የሚገባ ወፍራም ሰሌዳ በቶርኖ ይወጣል፤ የሁለቱ ዘንግ በአንድ መስመር ካልዋለ፣ የፀጉር ያህል እንኳ ቢዛነፍ፣ ኩሽኔታው ቀስ በቀስ ራሱን ይበላል። ያን ሰሌዳ ሦስት ጊዜ አስወጣነው።

ስለ ቁመቷ የተነሣው ጭቅጭቅ ግን ከሁሉ ይበልጥ አስተምሮናል። በፊልም እንዳየነው ከፍ ያለች፣ ደረቷን የነፋች መኪና እንድትሆን ፈለግን። ባሌስትራውን እናስረዝምና እናንሣት አልን። ጋሼ ከሥሯ ገብተው በጣታቸው ዲፈረንሻሉን ጠቆሙን። «ድንጋይ የሚመታው ይሄ ነው። ይሄ የተንጠለጠለው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ። ባሌስትራ ብትጨምሩ ቤቱ ይነሣል እንጂ ይሄ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። ገደል ላይ ስትጋደል ግን ቶሎ ትገለበጥላችኋለች» አሉ። እውነትም እንዲህ ያለ አክስል ያላትን መኪና ከድንጋዩ በእርግጥ የሚያርቃት ከፍ ያለ ጎማ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ መታየትና ከፍ ብሎ መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአራት ዓመት የፍልስፍና ትምህርት እንደዚያ ጥርት ብሎ አልተረዳነውም። ባሌስትራው ባለበት ቀረ፤ ከፍ ያለ ጎማ ይግባ ተባለ። ጎማ ግን ውድ ነው። በግንቦት 2017 አጎትየው ከየት እንዳመጡት ሳንጠይቅ 45,000 ብር ላኩልን። አለመጠየቃችንን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በዚህ መካከል የፍልስፍና ሰዎች የምትወዷት ጥያቄ መምጣቷ አልቀረም። ፕሉታርክ እንደሚያወራው የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን ጠበቋት፤ ሳንቃው ሁሉ ከተለወጠ ያቺው መርከብ ናት ወይ? ሆብስ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ነገሩን አወሳሰበው፤ የወለቀውን አሮጌ ሳንቃ አንድ ሰው ሰብስቦ እንደ ገና ቢገጥመውስ፣ የትኛዋ ናት እውነተኛዋ? የእኛም መኪና ሞተሯ ቶዮታ፣ የኋላ ሻንሲዋ የአብነት ብየዳ፣ ጭነት መያዣዋ የውሃ ቧንቧ ነው። አሁንም የአባትየው መኪና ናት? ጥያቄውን ለጋሼ አቀረብን። ሊብሬውን አምጡ አሉና ከፊት በኩል ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠረጉት። «ይሄ ቁጥር ያለበት ነው መኪናው። ሞተሩን ሄዳችሁ አስመዝግቡ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሆብስን በዚህ እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በሰኔ 2017 መጀመሪያ ላይ ወደ እንጦጦ ይዘናት ወጣን። ዝናብ ጥሎ ነበር። ቢጫዋ ቁልፍ ስትጫን አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ቀይዋ ዘንግ ወደ ኋላ ስትሳብ ደግሞ ፍጥነቷ በግማሽ ያህል ይወርድና ጉልበቷ እጥፍ ያህል ይሆናል። በእግራችን የሚያንሸራትተንን ዳገት እንደ ኤሊ፣ ግን ሳትቆም ወጣችው። ቁልቁለቱንም ፍሬን ሳይነካ በማርሽ ብቻ ወረደች። ተቃቅፈን ጮኽን። ጋሼ ዞር ዞር ብለው ሥሯን አዩ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ እንደሌለ አረጋገጡና «በሉ ውሰዱላቸው» አሉ።

አልወሰድንም።

ምክንያቱ ምን ነበር? ቀለም አልተቀባችማ! መከዳዋ የተቀደደ፣ ኮፈኗ የተጎረበጠ፣ ግማሿ ግራጫ ግማሿ የብየዳ ጠባሳ ነበረች። ሃያ ወር ገደማ ከለፋንባት በኋላ በዚህ መልኳ አገር ትግባ? ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ አንድ ቃል ተናገረ፤ «ለመስቀል እናስገባት።» ቃሉ ሁላችንንም ገዛን። የጉራጌን መስቀል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከያለበት ሁሉ ሰው ወደ አገሩ ይገባል፤ ለክትፎው ቅቤው ተጠራቅሞ፣ ቤቱ ተለቅልቆ፣ ጀፎሮው ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ይጠብቃል። የሟቹ አባት መኪና በዚያ ሰፊ የመንደር ጎዳና ላይ አዲስ ሆና ስትገባ ታየን። እኛም ጭነቱ ላይ ቆመን ታየን። ለሟቹም ክብር ነው አልን። ለአጎትየው ደወልንና «ትንሽ ማስተካከያ ቀርቷታል፣ ለመስቀል ናት» አልናቸው። «እሺ ልጆቼ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ።

ከሰኔ እስከ መስከረም የሠራነውን እንቁጠረው። ኮፈኗን አስወቀጥን። የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ መረጥን፤ ለቀለምና ለስቱኮ ብቻ 31,000 ብር ወጣ። ፖርቶመጋላ አሠራን። መከዳውን ቡናማ ስካይ አለበስነው። ከኋላዋ ምን እንጻፍባት በሚለው ላይ ሦስት ቅዳሜ ተከራከርን፤ አንዱ የግእዝ ቃል አለ፣ አንዱ ግጥም ጽፎ መጣ፣ አንዱ የአባትየው ስም ይሁን አለ፣ አልተስማማንምና ባዶ ቀረ። ደስ የሚል ክረምት ነበር። ዕድሜያችንን በሙሉ እንዲያ ባሉ ቅዳሜዎች ብናሳልፍ አንጠላም ነበር። ጋሼ አንድ ቀን ስናብሰው የዋልነውን በር አይተው «ይቺ መኪና እኮ አልቃለች፤ ያላለቃችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። ሳቅን።

በነሐሴ አጋማሽ ላይ አክስትየው ከጓሮ ውሃ ይዘው ሲመለሱ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ስምንት ሰዎች እየተቀባበሉ በቃሬዛ ተሸከሟቸው። በደረቅ ጊዜ አራት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በጭቃው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ መኪና እስኪገኝ አንድ ሰው ቤት አደሩ። ሆስፒታል የደረሱት በማግሥቱ ነው። ተርፈዋል፤ ግን አንድ እግራቸው አጠረ፣ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም። መዘግየቱ ምን ያህል እንደ ጎዳቸው ቆርጦ የነገረን የለም፤ እኛም ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘንም። ወሬው በስልክ ሲደርሰን ስካዩን እየሰፋን ነበር።

ታዲያ አጥፍተናል ወይስ አላጠፋንም? ጥያቄው ይህ ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ ልቡ ደግ ስለሆነ ሳይሆን ጥሩ ተከራካሪ ስለሆነ፣ አላጠፋንም ይላል። እንዲህ ነው የሚለው፦ ፒተር ሲንገር የተባለው ፈላስፋ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን አይቶ ልብሴ ይበላሻል ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥፋተኛ ነው ይለናል። ይሁን። ግን ያ ሰው ሕፃኑን አይቷል። እኛ ቀለም ስንመርጥ የወደቀ ሰው አልነበረም። ገና ላልደረሰ አደጋ ሰው ባለ ዕዳ ከሆነ፣ ፀሐይ የሚሞቅ ሁሉ ወንጀለኛ ነው።

ለዚህ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር። የወደቀችውን ሴት ስምና ቀኑን አላወቅንም እንጂ፣ ሰውዬውንማ እናውቀው ነበር። ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፤ ጭቃው በየዓመቱ ያዳልጣል፤ በየዓመቱ አንድ ሰው በቃሬዛ ይወጣል። መኪናዋን የሠራናት ለዚያ ስሙ ላልታወቀ ሰው አልነበረም ወይ? አክስትየው ባይሆኑ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የምናውቃቸው ሰው ሆነው መገኘታቸው ጥፋቱን አላመጣውም፤ እንድናየው አደረገን እንጂ።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የከበደ ነው፤ እኛም ብዙ የቆየንበት እዚህ ላይ ነው። ጊዜው የእኛ ነበር። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልከፈለንም። ካምፓሱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ቅዳሜውን ተኝቶም፣ ኳስ አይቶም፣ ጫት ቅሞም ያሳልፋል፤ አክስትየው ወደቁ ብሎ የሚወቅሰው የለም። እኛ ሃያ ወር ለፍተን መኪና ሠራን፤ ሦስት ወር ብናዘገያት ጥፋተኞች ሆንን። ምንም ያላደረገው ንጹሕ፣ ብዙ ያደረገው በደለኛ የሚሆንበት ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ስጦታ የሚሰጥ ሰው የሚሰጥበትን ቀን መምረጥ አይችልም?

ይህን ክርክር በአመክንዮ ብቻ የሚረታው ከመካከላችን አልተገኘም። የረታው አንድ ወሬ ነው። አጎትየው የጎማውን 45,000 ብር ያገኙት በቅሏቸውን ሸጠው ነው። መኪና ሊመጣ ነው፣ በቅሎ ከእንግዲህ ምን ትሠራልኛለች ብለው። የተሰበረ ዳሌ በበቅሎ አይሄድም፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን በቅሎዋ ብትኖር አንድ ሰው ቀድሞ ጋልቦ መንገድ ላይ መኪና ያዘጋጅ ነበር፤ ያቺ ሌሊት ትቀር ነበር። እንግዲህ ምንም ያላደረገው ተማሪ መንደሯን እንደነበረች ተዋት። እኛ ግን ቃላችንን ሰጥተን ያላትን አስወጥተን፣ የምንሰጣትን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ አቆምነው። ቃል የተቀበለ ሰው ኑሮውን በቃሉ ላይ ያዞራል። ከዚያች ቀን በኋላ ጊዜው የእኛ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ቅዳሜያችን ላይ አንድ በቅሎ ተሽጣበታለች።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ወደ አርስቶትል ይወስደናል። አርስቶትል መሥራትንና ማድረግን ይለያቸዋል፤ የመሥራት ፍጻሜ ከሥራው ውጪ ያለው የተሠራው ነገር ነው፣ የመልካም ማድረግ ፍጻሜ ግን ራሱ ማድረጉ ነው። ወንበር የሚሠራ ሰው ወንበሩ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። የእኛ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሳናውቀው ተገለበጠ። በመጀመሪያው ዓመት የምንሠራው ለመኪናዋ ነበር፤ በኋላ መኪናዋ ለምንሠራው ሥራ ምክንያት ሆነች። እንድታልቅ አልፈለግንም። ብታልቅ ቅዳሜያችን ባዶ ይሆናል፣ የጋራዡ ሻይ ይቀራል፣ አምስታችን የምንገናኝበት ይጠፋል። ቀለሙን፣ ፖርቶመጋላውን፣ ጥቅሱን የፈለሰፍነው ለመስቀል ክብር ብቻ አልነበረም። ይህን ስናምን አፈርን።

እዚህ ላይ ግን ያው ጓደኛችን ራሱ ተነሥቶ ተከላከለልን፤ ክርክሩም ከዚህ አልፎ አልሄደም። ያ ፍቅር ባይኖር መኪናዋ መች ትሠራ ነበር? ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ያስወጣን፣ በኅዳር ብርድ ሻንሲ ሥር ያስተኛን፣ የመንደሯ ችግር ነው ወይ? የመንደሯን ችግርማ ጓደኛችን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ዶሮ ሲያድርባት አላስነሣውም። ያስነሣን የሥራው ጣዕም ነው። ሥራውን ያስጨረሰንና ከጨረስነው በኋላ አልለቅ ያለን አንድ ፍቅር ነው። አንዱን ቆርጦ ሌላውን ማስቀረት ይቻላል የሚል ካለ መንገዱን ያሳየን። በግዴታ ብቻ የሚሠራ ሰው በሰኔ ያስረክብ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ሚዛኑን ያስመልስ ነበር?

አንድ ጊዜ ደግሞ ፍሬኑን ሰበብ ልናደርግ ሞክረን ነበር። ከአደጋ ለመጠበቅ ነው ያዘገየናት፣ ያልተፈተሸ ፍሬን ሰው ይገድላል አልን። እውነት ነው ይገድላል። ነገር ግን ፍሬኑ ያለቀው በሚያዝያ ነው። የጋሼ ልጅ ፈተናዋን ጨርሳ ከእኛ ጋር ሻይ ስትጠጣ ነበርና ይህን ስትሰማ «ቀለም ፍሬን ሆነ እንዴ?» አለችን። ሰበቡን በዚያው ተውነው። ሌላኛው ሰበባችን ያ መንገድ በነሐሴ ለመኪናም አይሆንም ነበር የሚል ነው። ይህን የሚያረጋግጥ ስላልነበረ ለጥቂት ሳምንት አጽናንቶናል።

በመስከረም 14 ቀን 2018 ገባን። ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። ከዋናው መንገድ እስከ መንደሯ፣ ቀይዋን ዘንግ ስበን፣ ሁለት ጊዜ ወርደን ድንጋይ ደልድለን፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ሰዓታችንን አይተን እርስ በርስ ሳንተያይ ቀረን። ጀፎሮው ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ነበር። እልልታ ነበር፣ ልጆች እየሮጡ ተከተሉን፤ ልክ እንዳሰብነው። ነገር ግን አረንጓዴው ቀለም አልታየም፤ መኪናዋ እስከ መስተዋቷ ጭቃ ለብሳለች።

አክስትየው በራፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምርኩዛቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከወረድን በኋላ ተራ በተራ ጉልበታቸውን ሳምን። ተነሡ። ደግፉኝም አላሉ። ወደ መኪናዋ በምርኩዝ ቀስ እያሉ ሄዱና በነጠላቸው ጫፍ ከበሩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ጠረጉ። ጎንበስ ብለው አዩት። «ቀለሟ ያምራል» አሉ። «ብዙ ለፍታችሁበታል፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ጓደኛችን መልስ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ከዚያ ክትፎ ቀረበ፤ በላን። ያንን ንግግር እንደ ምፀት የተረጎመው አንዱ ከመካከላችን ነው፤ አራታችን ግን ምፀት እንዳልነበረበት እርግጠኞች ነን፣ ለእኛም የከበደን እሱ ነው።

መኪናዋን ለአጎትየው አስረክበን በአውቶቡስ ተመለስን። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ጋሼ ዘንድ እንሄዳለን፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ቁልፍ እናቀብላለን።

በኅዳር መጨረሻ አጎትየው ደወሉ። መኪናዋ ደኅና ናት፤ ድንች ሦስት ጊዜ አውርዳለች፤ ምጥ የጠናባት አንዲት ሴትም በሌሊት ወስዳ ሁለቱም በሰላም ተመልሰዋል። ይህን ሁሉ ከነገሩን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚያች ሌሊት በጥድፊያው የጽድ ቅርንጫፍ ከበሩ እስከ ጭራዋ ቀለሟን ልጦታል። ስለ ቀለሙ ይቅርታ ጠየቁን።